አራቱ ኩርባዎች

አሰልጣኙ የሆስፒታሉን ልብስ ማጠቢያ ክፍል ያገኙት በጓሮ በኩል፣ የእንፋሎቱን ቧንቧ ተከትለው ነው። በሩ ላይ ቆመው መነጽራቸውን ደጋግመው ጠረጉ። እንፋሎቱ ወዲያው መልሶ ይሸፍነዋል። ሲሰለቻቸው አውልቀው ኪሳቸው ከተቱትና በደበዘዘ ዓይናቸው ከእርጥብ አንሶላው ክምር ጀርባ የምታጎነብሰውን ሴት ፈለጉ።

«ሙጫ» አሉ።

እዚህ ቦታ በዚህ ስም የሚጠራት የለም። ስሙ የወጣላት በብስክሌት ክለቡ ውስጥ፣ ገና ልጅ እግር ሳለች ነበር። ከፊቷ ያለችውን ጋላቢ የኋላ ጎማ አንዴ ከያዘች ዝናብም ንፋስም አያላቅቃትም። ከዚያ እናቷ ታመመች፤ ስሙም ክለቡ የሰጣት ብስክሌትም ግድግዳ ላይ ተሰቀሉ።

አሰልጣኙ ወሬ አላንዛዙም። የከተማው ዙር ውድድር ከብዙ ዓመት በኋላ ሴቶችን ሊያስገባ ነው። መንገዱ አጭር ነው፤ ከባንኩ ፊት ለፊት ይነሳል፣ በትምህርት ቤቱ አጥር ይታጠፋል፣ በፋርማሲው በኩል ወደ አትክልት ገበያው ጀርባ ይዞራል፣ ከዚያ ተመልሶ ባንኩ ጋ ነው። አራት ኩርባ አለው። እሱን እየደጋገሙ አንድ ሰዓት ያህል መዞር ነው። ክለቡ ለመመዝገብ አራት ሴቶች ያስፈልጉታል፤ ያሉት ሦስት ናቸው።

«አራተኛዋ ምን ሆነች? ተሰበረች?»

«አገባች» አሉ አሰልጣኙ። «ከስብራት ይብሳል። ስብራት እንኳ ይጠገናል።»

ሳታስበው ሳቀች። ሳቋ ለራሷም እንግዳ ሆነባት።

«አሰልጣኝ፣ ኮርቻ ላይ ከተቀመጥኩ ዘመን ሆኖኛል። የእናቴንም ነገር ያውቁታል። ውድድሩ ደግሞ ደርሷል።»

«ደርሷል። አንድ ወር ቢቀረው ነው። ግን ዙሩ አጭር ነው፤ ረጅም መንገድ የሚችል እግር አይጠይቅም። ከየኩርባው ስትወጪ መፈትለክ ነው የሚጠይቀው። እሱ ቶሎ ይመለሳል። አሸንፊልኝም አላልኩሽም። ከሦስቱ አንዷን፣ ረጅሟን፣ ንፋሱን ከልለሽላት ከፊት አድርሰሽ ልቀቂያት፤ የቀረውን እሷ ታውቅበታለች።»

«ጊዜ የለኝማ።»

«ያለችሽን ያህል አምጫት» አሉና መነጽራቸውን ሳያደርጉ፣ ግድግዳውን እየዳሰሱ ወጡ።

ከስራ ቤት ስትደርስ አዋላጇ ሻርፓቸውን ጣል አድርገው በር ላይ ይጠብቋት ነበር። አዋላጇ የግድግዳ ጎረቤቷ ናቸው። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ግን ግማሹ ሰፈር በእጃቸው ስለተወለደ ስሙ አልለቀቃቸውም። ሙጫ ስራ ውላ እስክትመለስ ከእናቷ ጋር የሚቀመጡት እሳቸው ናቸው። እሷ ስትገባ ግን እሳቸው መውጣት አለባቸው። ባላቸው ስኳር አለበት፤ በሰዓቱ ካልቀመሰ ይዞረዋል።

«ደህና ዋለች» አሉ። «ምሳዋንም በልታለች። ግን ቀኝ ጎኗን አልወደድኩላትም፤ ቀላ ብሏል።»

«ሲያስተኟት ትራሱን ከጀርባዋ ጠጋ አድርገው ቢያስገቡት እኮ...»

«እሺ፣ ልጅ ለእናቷ ምጥ አስተማረች» አሉ አዋላጇ፤ ትከሻዋን ቸብ አድርገዋት ሄዱ።

እናቷ ከመስኮቱ ስር ወንበር ላይ ተቀምጣ የቀሚሷን ጠርዝ በጣቶቿ ትፈትጋለች። ዕድሜዋን ሙሉ ልብስ ሰፊ ነበረች። አሁን የደንበኞቿ ስምም፣ ቀኑም፣ የገዛ ዕድሜዋም ጠፍቶባታል። ልጇን አልፎ አልፎ ታውቃታለች፤ አብዛኛውን ጊዜ ግን የምታያት እንደ አንዲት ሰነፍ ስራ ለማጅ ነው። ሰውነቷ ብቻ እንደ ጥንቱ ግዙፍ ነው። ይህን ሰውነት ከአልጋ ወደ ወንበር፣ ከወንበር ወደ መጸዳጃ ማድረስ የሙጫ ፈንታ ነበር። እጆቿን በእናቷ ብብት ስር ሰዳ፣ ጉልበቷን ሸብረክ አድርጋ፣ «በይ እማዬ፣ አንገቴን ያዥ» ትላታለች። እናቷም ማንን እንደያዘች ባታውቅም ጥምጥም ብላ ትይዛታለች።

ያን ዕለት እናቷን አብልታ፣ አጣጥባ፣ ልብሷን ቀይራ ስትጨርስ ብስክሌቱን ከግድግዳው አወረደችው። ጎማዎቹ ሞተዋል። ካቴናው ዝጓል። አቧራውን በእርጥብ ጨርቅ ስትጠርግ እናቷ ከወንበሯ ሆና ታያት ነበር።

«ለማን ነው ይሄ?» አለች እናቷ።

«ለኔ ነው እማዬ።»

«ጠባብ ነው» አለች።

ክለቡ የኋላውን ጎማ ከመሬት አንስቶ የሚይዝ የብረት መቆሚያ አዋሳት፤ ብስክሌቱ እዛው ባለበት ይሽከረከራል፣ ጋላቢው የትም አይሄድም። አልጋውን ወደ ጥግ ገፍታ መቆሚያውን በክፍሉ መሀል ተከለችው። መጀመሪያ ፔዳሉን ስትረግጥ ድምፁ ቤቱን ሞላው። እናቷ ትደነግጥብኛለች ብላ ፈርታ ነበር። እናቷ ግን ቀና አለች፤ ለረጅም ጊዜ ሞተው የቆዩ ዓይኖቿ የሆነ ነገር ያዙ።

«ይሄ ማሽን ዘይት ይፈልጋል» አለች። ከዚያ ጥቂት አዳመጠችና፣ «ቀስ በይ አንቺ ልጅ። እንዲህ ከረገጥሽው ክሩን ትበጥሽዋለሽ።»

ከዚያ በኋላ በየምሽቱ እንዲሁ ሆነ። አሰልጣኙ ባዘዟት መሠረት ለጥቂት ደቂቃ ያለ የሌለ ጉልበቷን አውጥታ ትረግጣለች፤ ትንፋሿ ሳይመለስ እንደገና ትነሳለች። እግሯ እንደ እርጥብ እንጨት ይከብዳል። ለልብስ ማጠቢያ ባስቀመጠችው ሳፋ ላይ ታስመልሳለች። እናቷ ደግሞ ጨርቅ ይዛ አጠገቧ ትቀመጥና ስፌቱ ቀጥ ብሎ እንዲሄድ ትቆጣጠራለች። በዚያ ሰዓት አትጮህም፣ ልብሷን አታወልቅም፣ ወደ ቤቴ ውሰዱኝ አትልም። ሙጫ ላቧን እየጠረገች፣ ለሁለታችንም የሚሆን ነገር አገኘሁ እኮ፣ ብላ አሰበች። በዚያ ወር ከመጡላት ሀሳቦች ሁሉ ደስ ያላት ይሄ ብቻ ነበር።

አሰልጣኙ ግን አልተዋጠላቸውም።

«መቆሚያው እግርሽን ይሰራልሻል፤ ኩርባ አያስተምርሽም» አሏት። «ውድድሩ ደግሞ ኩርባ ነው።»

ከሆስፒታሉ ብዙም የማይርቅ ስራ ያቆመ መጋዘን አለ፤ ግቢው ሰፊና ስሚንቶ የተለሰነ ነው። አሰልጣኙ አሮጌ ጎማዎች ደርድረው ኩርባ አስመሰሉና ልምምዱ እዚያ እንዲሆን ወሰኑ። ችግሩ ሰዓቱ ነው። ከስራ ስትወጣ አዋላጇ ወደ ባላቸው ይሄዳሉ። ስለዚህ ቤት ገብታ እናቷን ታበላታለች፣ ታስተኛታለች። ከዚያ በሩን ከውጭ ትቆልፍና ትሄዳለች።

የመጀመሪያ ቀን ቁልፉን ካዞረች በኋላ ጆሮዋን በሩ ላይ ለጥፋ ቆየች። ከውስጥ የሚሰማው የእናቷ ማንኮራፋት ነበር። መጋዘኑ ግቢ ውስጥ ትንሽ ዞራ፣ ቶሎ ተመለሰች። እናቷ እንደተኛች ናት። በሁለተኛው ቀን ስትመለስ እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ በሩን ታያለች።  ሙጫ መልሳ አስተኛቻት። አንጀቷ እያወቀ ጆሮ ዳባ ልበስ አለች።

በሦስተኛው ቀን አሰልጣኙ ሌሎቹን ልጆች ጠርተው ነበር። ረጅሟም መጥታለች፤ ክንዷና እግሯ ማለቂያ የሌለው፣ ስትስቅ ጥርሷ ሁሉ የሚታይ፣ ገና ፊቷ ሁሉ ተስፋ የሆነ ልጅ ናት።

«ፍሬን ከኩርባው በፊት ነው» አሉ አሰልጣኙ መዳፋቸውን እንደ ድምፅ ማጉያ አፋቸው ላይ አድርገው። «አንዴ ከገባሽ ጣትሽን ከፍሬኑ አንሺ። የውስጡ ፔዳል ወደ ላይ፣ የውጭው ወደ ታች፤ ክብደትሽን በውጭው እግር አሳርፊ። ዓይንሽ መውጫው ላይ ይሁን። ፈርተሽ መሀል ላይ ፍሬን ከያዝሽ ጎማው ከስርሽ ይሄዳል፤ በኋላ ምክር አይመልሰውም።»

እየደጋገሙ ዞሩ። መጀመሪያ ላይ ሙጫ በየኩርባው ወደ ኋላ እየቀረች፣ በየቀጥታው እየተሯሯጠች ትደርስባቸው ነበር። እየቆየ ሰውነቷ ማስታወስ ጀመረ። የረጅሟን ጎማ ያዘች፤ አልለቀቀችውም። ንፋሱ ላቧን አደረቀው፣ ስሚንቶው ከስሯ እንደ ጨርቅ ተሳበ። ከአንድ ዙር ወደ ሌላው ስትገባ፣ እናቷን ሳታስብ መቆየቷን እንኳ አላሰበችም። ቀና ስትል ፀሐይ ጠልቋል።

ስትመለስ አዋላጇ በሩ ላይ ቆመዋል። ሻርፓቸው አንገታቸው ላይ የለም።

«ቁልፉን» አሉ። 

እናቷ በሩ ስር ወድቃለች። ቀሚሷ ረጥቧል። የሁለት ጣቶቿ ጥፍር ተነቅሎ በሩ እንጨት ላይ የደም ጭረት ቀርቷል። አላለቀሰችም። ልጇን ቀና ብላ አየችና፣ «ሱቁን ማነው የቆለፈብኝ? ሰዎቹ ውጭ ቆመዋል እኮ» አለች።

ተጋግዘው አነሷት። አዋላጇ ጣቶቿን በለብታ ውሃ አጥበው፣ በንጹህ ጨርቅ አንድ በአንድ ጠቀለሉላት። እጃቸው ልምድ አለው፤ እናቷ ሳትሸሽ ሰጠቻቸው። ሙጫ የረጠበውን ቀሚስ ይዛ እንደ ተተከለች ቀረች።

«ስትጮህ የሰማት ባሌ ነው» አሉ አዋላጇ በመጨረሻ። «በመስኮት አባበልኳት። አልሰማ አለችኝ። ልጄ፣ አልፈርድብሽም። አንቺም ሰው ነሽ፤ መተንፈስ አለብሽ። ግን ሰው አይቆለፍበትም። ሌላው ሁሉ ቢጠፋው በር ሲዘጋበት ያውቃል።»

በማግስቱ ለአሰልጣኙ ከእንግዲህ ወደ ግቢው እንደማትመጣ ነገረቻቸው። ውድድሩን ግን አልተወችውም።  ስማቸው አራት ሆኖ ተመዝግቧል፤ እሷ ከቀረች ሦስቱም ይቀራሉ። ለሰው የምትሰጠው ምክንያት ይሄ ነው። እውነቱ ግን ያን ንፋስ እንደገና ፈልጋዋለች፤ እንደ ተራበ ሰው ፈልጋዋለች፣ በዚህም ታፍራለች።

«ኩርባውስ?» አሉ አሰልጣኙ።

«ድሮ አውቀው የለ።»

አሰልጣኙ መነጽራቸውን አውልቀው መጥረግ ያዙ።

ወንድሟ የመጣው በዚያው ሰሞን ነው። የከባድ መኪና ሹፌር ነው፤ ቤቱም ልጆቹም ሌላ ከተማ ናቸው፣ ጭነት ወደዚህ ሲያመጣ ብቻ ብቅ ይላል። የእናቱን የተጠቀለሉ ጣቶች አየ። አልጠየቀም፤ አዋላጇን በር ላይ አግኝቷቸው ኖሯል። ሻይውን ሳይጠጣ ብርጭቆውን ሲያዞር ቆየና፣

«ያ የነገርኩሽ የአረጋውያን ማእከል» አለ። «ሄጄ አየሁት። ንጹህ ነው። ቦታ አላቸው።»

«እናቴን ለባዳ አልሰጥም።»

«እናቴም ናት።»

«ጭነት ሲኖርህ የምትመጣላት እናትህ።»

ወንድሟ ትልቅ ሰውዬ ነው፤ በዚያች ክፍል ውስጥ ሲቀመጥ ጉልበቱ መቆሚያውን ይነካዋል። ብስክሌቱን በዓይኑ አመለከተ።

«ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም፣ እህቴ። ወይ እሷን ያዢ፣ ወይ ይሄን።»

«አንድ ቀን ጋሼ። የአንድ ቀን ግማሽ ነው የምለምንህ። ውድድሩ ዕለት መጥተህ አጠገቧ ተቀመጥ። ከዚያ በኋላ ብስክሌት የሚባል ነገር አላነሳብህም።»

ብርጭቆውን አስቀመጠ። «እመጣለሁ» አለ።

መጣም። ውድድሩ ጠዋት ነበር፤ ሌሊቱን ሲያካፋ አድሮ መንገዱ ገና መድረቅ እየጀመረ ነው። ወንድሟ ፊቱን ሳይታጠብ፣ ከመሪው እንደተነሳ ገባ። እናታቸው አየችውና ፊቷ ፈካ፤ ባሏ መስሏት ነው። ሙጫ ቁርሷን የት እንዳስቀመጠች፣ ጎኗን እንዴት እንደሚያገላብጣት፣ ሲያነሳት እንዴት እንደሚይዛት አሳየችው። ክለቡ የሰጣትን ማሊያ ከላይ በሹራብ ሸፍናዋለች።

«ሂጂ፣ ይረፍድብሻል» አላት ወንድሟ። በሩ ሳይቆለፍ ወጣች።

ባንኩ ፊት ለፊት ሰው ተሰብስቧል። ጋላቢዎቹ ትከሻ ለትከሻ ቆመው የጫማቸውን ማሰሪያ ይነካካሉ፣ ይተነፍሳሉ፣ እርስ በርስ አይተያዩም። ረጅሟ የሙጫን ጀርባ ነካ አደረገቻትና፣ «እኔ ካንቺ አልለይም» አለቻት። ፊሽካው ተነፋ።

የመጀመሪያዎቹ ዙሮች ስቃይ ነበሩ። በየኩርባው ሌሎቹ ሳይነኩት የሚያልፉትን ፍሬን እሷ ትነካለች፤ አንድ ሁለት ሜትር ይጎድልባታል፤ ያንን የጎደለ በእግሯ ትከፍላለች። ወጥታ ስትደርስ ሌላው ኩርባ ይመጣል። «ወደ ፊት!» ይላሉ አሰልጣኙ በሄደች በመጣች ቁጥር። «ከኋላ ያለ እጥፍ ይከፍላል!» አፏ ውስጥ የብረት ጣዕም መጣ። በቃ እወርዳለሁ፣ በሚቀጥለው ዙር እወርዳለሁ፣ እያለች በሚቀጥለውም ዞረች።

ከዚያ ነገሩ ተለወጠ። በየምሽቱ መቆሚያው ላይ ያስመለሳት ስራ መክፈል ጀመረ። ሌሎቹ ሲደክሙ የሷ እግር አልደከመም። ከቡድኑ ጅራት ወደ መሀል፣ ከመሀል ወደ ፊት ሾለከች። ረጅሟ ከኋላዋ ናት፤ ትንፋሿን ጀርባዋ ላይ ትሰማዋለች። የትምህርት ቤቱ አጥር፣ ፋርማሲው፣ ገበያው፣ ባንኩ እየተከታተሉ አለፉ። ሰዎቹ ቀለም ብቻ ሆኑ። የመጨረሻው ዙር ደወል ሲደወል ከፊቷ አንዲት ጋላቢ ብቻ ነበረች፤ ሙጫም የልጅቷን ጎማ ይዛ፣ በአትክልት ገበያው ጀርባ ባለው ኩርባ ልታልፋትና ረጅሟን ልትለቅ አሰበች።

ገበያው ጀርባ ያለው መንገድ ፀሐይ አይነካውም። ጠዋት ነጋዴዎቹ ቅጠላቸውን ያጠቡበት ውሃ ከጠርዙ ወደ መሀል ወርዷል። ከፊቷ ያለችው ልጅ ውሃውን ሽሽት ድንገት ወደ ውስጥ ሳበች። ሙጫ ኩርባው ውስጥ ነበረች፤ ተጋድማለች። ዓይኗ መውጫውን ትቶ ውሃው ላይ ወደቀ። ጣቶቿ ሳታዛቸው ፍሬኑን ጨመቁት።

ጎማው ከስሯ ሄደ። ትከሻዋ መጀመሪያ መታ፣ ከዚያ ራሷ፤ ከኋላ የመጣች አንዲት ጋላቢ ክንዷ ላይ ወጥታ ወደቀች። የሰማችው ድምፅ የደረቀ እንጨት ሲሰበር የሚሰማው ዓይነት ነበር። ረጅሟ እግሯን መሬት አስነክታ ከውድቀት ተረፈች፤ ግን ቆማለች። ሌሎቹ ግራና ቀኝ እየተከፈሉ አለፏት። ረጅሟ አንድ ጊዜ ወደ ሙጫ፣ አንድ ጊዜ ወደ መንገዱ አየች። «ሂጂ» አለቻት ሙጫ። ሄደች። ስድስተኛ ወጣች።

ሙጫ አስፋልቱ ላይ በጀርባዋ ተኝታ የቀኝ እጇን ልታነሳ ሞከረች። እጇ አልታዘዛትም። እንደገና ሞከረች። ህመሙ ገና አልደረሰም፤ የደረሰው ሌላ ነገር ነበር። እማዬን ማን ያነሳታል? አለች በልቧ። ሰዎች እየተሯሯጡ መጥተው ሲከቧት የሰማዩን ቁራጭ ጋረዱባት።

የወሰዷት ወደምትሰራበት ሆስፒታል ነው። ያስተኟት አንሶላ ጥግ ላይ የማጠቢያ ክፍሉ ማህተም አለ፤ ምናልባት እሷው ራሷ ያጠበችው ነው። ሀኪሙ የራጅ ፎቶውን መብራት ላይ አድርጎ አሳያት፤ ከአንገቷ ስር ወደ ትከሻዋ የሚሄደው አጥንት ሁለት ቦታ ተሰብሯል፣ የእጇ አንጓም እንዲሁ።

«ከባድ ነገር ማንሳት ለጊዜው አይታሰብም» አለ። «ከዚያ በኋላም ቢሆን እንደ ድሮው ላይሆን ይችላል። ስራሽ ምንድነው?»

ሙጫ አንሶላውን ታይ ነበር።

ወንድሟ ግማሽ ቀን ሊቀመጥ መጥቶ ሰነበተ። እናቱን ማንሳት አላወቀበትም፤ ጉልበት አለው፣ ዘዴ የለውም። እናቱ በእጁ ላይ ትጮሃለች፣ ትቧጭረዋለች። አዋላጇ ሊያግዙት ሞክረው ወገባቸው ያዛቸው። የቀላው ጎን ተላጠ፣ ቆሰለ። ሙጫ እጇ በጀሶ ታስሮ ደረቷ ላይ ተንጠልጥሎ ከጥግ ታያለች፤ «ከብብቷ ስር ግባ፣ ጉልበትህን ስበረው» ትላለች። ስልኩ ይደወላል። ወንድሟ ውጭ ወጥቶ ያናግራል፤ ሲመለስ ፊቱ ጠቁሮ ነው። መኪናውን ለሌላ ሊሰጡበት ነው።

«ነግሬሽ ነበር» አላላትም። እንዲላት ጠብቃ ነበር።

«የቆጡን አወርድ ብዬ የብብቴን ጣልኩ ጋሼ» አለችው አንድ ቀን፣ እናታቸው እንቅልፍ ሲወስዳት።

«ተይው እስቲ።»

«አይ፣ ልናገረው። አልሰጥም ብዬህ ነበር። አሁን አንተም መሄድ አለብህ፣ አዋላጇም አቃታቸው፣ እኔም...» እጇን አየችው። «ውሰዳት።»

ወንድሟ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ከዚያ ያለ ድምፅ ትከሻው ተንቀጠቀጠ። እሷ አላለቀሰችም፤ እሷ ልታለቅስበት የሚገባው ጊዜ ሁሉ ገና ከፊቷ እንዳለ ታውቃለች።

በሄዱበት ጠዋት አዋላጇ መጥተው የእናቷን ፀጉር አበጠሩላት፤ ሰማያዊ ቀሚሷንም አለበሷት። የተዋሱት መኪና በር ላይ ቆሟል። እናቷ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ሁሉን በትዕግስት ታይ ነበር። ሙጫ ልትሰናበታት ጎንበስ ስትል እናቷ እንደ ልማዷ ሁለት እጆቿን ዘረጋችና አንገቷን ያዘች። ጥምጥም አለች። መነሳትን ጠበቀች።

ሙጫ እንዲያው እንደ ጎነበሰች ቀረች። ህመሙ ከትከሻዋ እስከ ጥርሷ ወጣ፤ ቢሆንም እናቷን አንገቴን ልቀቂ አላለቻትም።

«በይ እንጂ» አለች እናቷ ጆሮዋ ስር። «ምን ትጠብቂያለሽ?»

ወንድሟ መጥቶ ጣቶቿን አንድ በአንድ አላቀቀና እሱ አነሳት። በዚያ ቀን አልጮኸችበትም።

የዚያን ዕለት ሙጫ ባዶው ቤት ውስጥ ገና ሳይመሽ ተኛች። ከዓመታት በኋላ ለመጀመሪያ ጊዜ ማንም ሳይጠራት እስኪነጋ ተኛች። ስትነቃ ፀሐይ አልጋው ላይ ነው፣ ሰውነቷ ቀልሏታል። ጥቂት ጊዜ የት እንዳለች ሳታስታውስ በዚያ ምቾት ውስጥ ቆየች። ከዚያ አስታወሰች። በደንብ መተኛቷን ለማንም አልተናገረችም፤ ለአዋላጇም ጭምር።

ማእከሉን ለመጀመሪያ ጊዜ የጎበኘችው ጀሶው ሲወጣላት ነው። እውነትም ንጹህ ነበር። አስታማሚዋ ደግ፣ ፈጣን ሴት ናት፤ የእናቷን ጎን ገልጣ አሳየቻት። ቁስሉ ድኗል።

«ሁለት ሆነን እየተጋገዝን ነው የምናገላብጣት» አለች አስታማሚዋ። «ለአንድ ሰው አይሆንም እኮ። ብቻሽን ነበር እንዴ የምታነሻት?»

«ብቻዬን ነበር» አለች ሙጫ። የዳነውን ቆዳ ማየት ከቁስሉ ይልቅ ከበዳት።

እናቷ እንግዳዋን ከእግር እስከ ራስ ቃኘቻት። «ለመለካት ነው የመጣሽው?» አለቻት።

«አዎ።»

«ቅረቢ።»

ቀረበች። እናቷ ጥፍራቸው ገና ባልሞላ ጣቶቿ ከትከሻ ትከሻ ለካቻት። አጥንቱ ጠምዘዝ ብሎ የገጠመበት እብጠት ላይ ስትደርስ ቆመች፤ ተመልሳ ዳሰሰችው።

«ይሄኛው ትከሻሽ ወርዷል» አለች። «አይዞሽ፤ ሲለበስ እንዳይታወቅ አድርጌ እሰራዋለሁ።»

ሙጫ ወደ ስራ ተመለሰች። እርጥብ አንሶላ ከማሽኑ መሳብ ስለማትችል የደረቀውን ወደሚያጥፉት አዘዋወሯት። ክለቡ ብስክሌቱን እንድትመልስ አልጠየቃትም፤ እሷ ግን ጎማውን ቀይራ፣ ካቴናውን ዘይት ቀብታ ወስዳ ለአሰልጣኙ አስረከበች። አሰልጣኙ የብስክሌቱን መሪ ይዘው ቆሙ። «እኔ ነኝ የመጣሁብሽ» አሉ። «እኔ ባልመጣ ኖሮ...» «ባይመጡ ኖሮ ሌላ ነገር ይመጣ ነበር» አለቻቸው፤ ይህን ግን አላመነችበትም፣ አሰልጣኙም አላመኑም። ረጅሟ በዚያው ዓመት ወደ ትልቅ ክለብ ተዛወረች። አልፎ አልፎ ትደውላለች፤ የሚያወሩት ሲያልቅባቸው ሁለቱም ትንሽ ይዘገያሉ፣ ከዚያ ይሰናበታሉ።

በየሳምንቱ እሁድ ወደ ማእከሉ ትሄዳለች። ወንድሟም ጭነት ካለው ይመጣል። ከእናታቸው ግራና ቀኝ ይቀመጣሉ፤ እናታቸው ስለ ጨርቅ ታወራለች፣ እነሱ አዎ አዎ ይላሉ።

ዓመት ሳይሞላ በብርዱ ወራት እናቷን ደረቷን ያዛት። ሐሙስ ዕለት ስልኩ ሲጮህ ሙጫ ከስራ ባልደረባዋ ጋር አንሶላ ይዛ ነበር። ስልኩን በትከሻዋና በጆሮዋ መሀል ያዘችው። አስታማሚዋ ነበረች፤ ሲያገላብጧት፣ ሳትሰቃይ፣ በእጃቸው ላይ እንዳለፈች ነገረቻት።

«እሺ» አለች ሙጫ። «አመሰግናለሁ።»

ባልደረባዋ የአንሶላውን ሁለት ጫፍ ይዛ ከወዲያ ማዶ ቆማ ትጠብቃለች። ሙጫ ወደሷ ሄደች፤ ጫፍ ለጫፍ አገናኙት፣ አጠፉት፣ እንደገና አጠፉት። ክምሩ ላይ አስቀመጠችው። ከዚያ ወንድሟ ጋ ልትደውል ወደ ጓሮው ወጣች።